ሁለት ሰዓት በማይሞላ መንገድ ላይ ያለ በረዶ፦ የተራራ ስኪና ድክ ድክ የሚል ልጅ

በጥርና በየካቲት፣ ከውቅያኖስ የመጣው ዝናብ አባርቶ ሰማዩ በሚጠራባቸው ቀናት፣ ከካልቨር ሲቲ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሚመለከት ሰው ከሎስ አንጀለስ ሕንፃዎች በስተጀርባ አናታቸው የነጣ ተራሮች ተሰልፈው ያያል። እነዚህ የሳን ጌብሪየል ተራሮች ሲሆኑ፣ ከሁሉም የሚረዝመው በካርታ ላይ ሳን አንቶኒዮ ተብሎ የተመዘገበው፣ ሕዝቡ ግን ባልዲ እያለ የሚጠራው ባለ 3,068 ሜትር ተራራ ነው። የካልቨር ሲቲን ሰሜናዊ ጠርዝ ይዞ የሚያልፈው 10 ቁጥር አውራ ጎዳና ወደ ምሥራቅ ሲነዱበት ወደዚሁ ተራራ ግርጌ ስለሚያደርስ፣ መኪና ባልበዛበት ማለዳ ከቤት ደጃፍ እስከ በረዶው ያለው ጉዞ ሁለት ሰዓት አይሞላም። ከከተማዋ ብዙ ሳይርቅ፣ በፌርፋክስ ጎዳና ላይ ከኦሎምፒክ ቡሌቫርድ እስከ ዊትዎርዝ ድራይቭ ያለው ክፍል በ2002 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሎስ አንጀለስ ከተማ ምክር ቤት «ሊትል ኢትዮጵያ» ተብሎ የተሰየመ ሲሆን፣ በዙሪያው ለሚኖሩ ወጣት ቤተሰቦች በረዶው የሌላ ሰው መዝናኛ ሆኖ መታየቱ በርቀት ምክንያት አይደለም ማለት ነው። አስቸጋሪው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ገና ድክ ድክ የሚል ልጅ ያለው ወላጅ፣ ብዙ ሰዓትና ብዙ ጥንቃቄ የሚጠይቀውን የተራራ ስኪ ከልጁ ጋር በአንድ ቅዳሜና እሑድ ውስጥ እንዴት ያስማማዋል?

አስቀድሞ ግን የበረዶው ነገር ማብራሪያ ይሻል። ባልዲ ከእንጦጦ አናት በጥቂቱ ዝቅ ያለ ተራራ በመሆኑ፣ በረዶ በአንዱ ላይ ተቆልሎ በሌላው ላይ የታጣበት ምክንያት በከፍታ ብቻ አይፈታም። ከፊሉ መልስ ኬክሮስ ነው፤ እንጦጦ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ሲገኝ ባልዲ 34 ዲግሪ ላይ ነው። የቀረው መልስ የወቅቶች አገጣጠም ነው። በኢትዮጵያ ደጋ ሌሊቱ እጅግ የሚቀዘቅዘው በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ማለትም ሰማዩ ደመና በማይኖረው በበጋ ሲሆን፣ ዝናቡ የሚወርደው ደግሞ በክረምት ነው፤ ስለዚህ ብርዱ ሲበረታ እርጥበቱ የለም፣ እርጥበቱ ሲመጣም ብርዱ አይበቃም፣ ለገበሬው የሚተርፈውም የበጋው ውርጭና ሰብል የሚመታው የክረምት በረዶ ብቻ ነው። በደቡብ ካሊፎርኒያ ብርዱና ዝናቡ በአንድ ወቅት ስለሚገጥሙ፣ ከፓስፊክ የሚነሳው ማዕበል በካልቨር ሲቲ ዝናብ ሆኖ ሲወርድ በተራራው አናት ላይ እንደ ተነደፈ ጥጥ ያለ በረዶ ሆኖ ይከመራል። በየካቲት 2023 የደረሰው ማዕበል እጅግ ከባድ ስለነበረ በሳን በርናርዲኖ ተራሮች ያሉ መንደሮች መንገዳቸው ተዘግቶ ለቀናት ተቆርጠው ቀርተዋል፤ በሌሎች ዓመታት ደግሞ ተራራው አልፎ አልፎ ብቻ ነጭ ይለብሳል።

አማርኛ ከሰማይ የሚወርደውን ድንጋይ መሳይ ጠጠርም፣ በማቀዝቀዣ የሚረጋውን ውኃም፣ ይህን ጥጥ መሳይ ብናኝም በአንድ «በረዶ» በሚል ቃል መጥራቱ ነገሩን ፈጽሞ አያውቀውም የሚያሰኝ ቢመስልም፣ ግእዝ «ሐመዳ» የሚል የራሱ ስም ነበረው፣ «አመዳይ» የሚለው የአማርኛ ቃልም ከዚያው ወገን ነው። በ6ኛው መቶ ዘመን ኮስማስ የተባለው ተጓዥ በአዱሊስ ወደብ አይቶ የገለበጠው፣ ስሙ ያልታወቀ የአክሱም ንጉሥ ያስቀረጸው የግሪክኛ ጽሑፍ፣ ንጉሡ ወንዝ ተሻግሮ የዘመተባቸውን የስሜን ተራሮች ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰጥምበት በረዶ ያለባቸው አድርጎ ይገልጻቸዋል። ከዚያም በብዙ ሺህ ዓመታት በፊት፣ በመጨረሻው የበረዶ ዘመን፣ የስሜንም የባሌም ተራሮች አናት የበረዶ ግግር ተሸክሞ እንደነበረ ግግሩ እየገፋ የተወው የድንጋይ ክምር ይመሰክራል። በስፖርቱ በኩል ደግሞ አዲስ አበባ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ የሄደው ሮቤል ተክለማርያም በ2006 ቱሪን ላይ ሲሰለፍ ኢትዮጵያን በክረምት ኦሎምፒክ የወከለ የመጀመሪያው ስፖርተኛ ሆኗል፣ በ2010 ቫንኩቨር ላይም ተመልሶ ተወዳድሯል። ኢትዮጵያ ውስጥ በሚለማመድበት ጊዜ በረዶ ስላልነበረ ጎማ የተገጠመለት ስኪ አጥልቆ በአስፋልት ላይ ይሮጥ ነበር፤ ለመንገደኛው ምን ዓይነት ትዕይንት እንደነበረ መገመት አያዳግትም።

ሮቤል የተወዳደረበት ዓይነት በሜዳና በጉብታ ላይ በተበጀ መስመር የሚሮጡበት አገር አቋራጭ ስኪ ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀው ግን ሰውን በሽቦ ላይ በሚጓዝ ወንበር ወደ ላይ እያወጡ በተደለደለ ቁልቁለት የሚያወርዱበት የመዝናኛ ጣቢያ ስኪ ሲሆን፣ በባልዲም ጣቢያው ከ1950ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ይሠራል። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ባክካንትሪ የሚሉት፣ በዚህ ጽሑፍ የተራራ ስኪ የተባለው፣ ከሁለቱም ይለያል፤ ተራራው አልተበጀም፣ ወንበር የለም፣ ጠባቂ የለም፣ ሰው በገዛ እግሩ ወጥቶ በገዛ ፍርዱ ይወርዳል። ለመውጣት የሚያስችለው ብልሃት ቀላልና የሚያስደንቅ ነው። ጫማውን የሚይዘው ማሰሪያ በመውጫ ጊዜ ጣቱን ብቻ አጥብቆ ተረከዙን ስለሚለቅ ሰውየው እየተራመደ ስኪውን ይገፋል፤ ከስኪው ሥር ደግሞ ዛሬም ድረስ «ቆዳ» የሚባል፣ በአንድ ፊቱ ሙጫ በሌላው ፊቱ አጭር ጠጉር ያለው ረጅም ጥብጣብ ይለጠፋል። ቀድሞ ከባሕር አንበሳ ዘመድ ከሆነው የሲል ቆዳ ይሠራ ነበር፣ ዛሬ ግን ከአንጎራ ፍየል ጠጉር ወይም ከናይለን ነው። የፍየል አጎዛን በእጁ የዳበሰ ሰው አሠራሩን ወዲያው ይረዳዋል፤ ወደ ጠጉሩ አቅጣጫ ሲዳብሱት እንደሚለሰልስ፣ ሲገለብጡት እንደሚሻክር ሁሉ፣ ስኪውም ወደ ፊት ይንሸራተታል እንጂ ወደ ኋላ አይመለስም። አናት ላይ ሲደረስ ቆዳው ተልጦ ይታጠፋል፣ ተረከዙ ይቆለፋል፣ ከዚያ መውረድ ይጀመራል።

ይህ ስፖርት ለወላጅ ከባድ የሚሆንበት ምክንያት ከዚሁ የሰዓት ስሌት ይጀምራል። በባልዲ የተለመደው መነሻ ማንከር ፍላትስ የሚባለው፣ ከባሕር ወለል 1,880 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ቦታ ሲሆን፣ መንገዱ በ1930ዎቹ ሴራ ክለብ የተባለው የተፈጥሮ ወዳጆች ማኅበር ባሠራው የስኪ ጎጆ በኩል አልፎ ወደ አናቱ ይወጣል። ልምድ ያለው ሰው በሰዓት ከ300 እስከ 400 ሜትር ሽቅብ ይወጣል ቢባል፣ ከመነሻው እስከ አናቱ ሦስት ወይም አራት ሰዓት ያስፈልገዋል፤ ቁልቁለቱ ግን በደቂቃዎች ያልቃል። የአራት ሰዓት ድካም ለአንድ አፍታ መንሸራተት መክፈል ለማያውቀው ሰው ኪሳራ ይመስላል፤ ለሚያውቀው ግን ዋናው ነገር መውጣቱ ነው፣ የጾም ቀን ጸጥታ ያለበት፣ ከትንፋሽና ከቆዳው መንሸራተት በቀር ድምፅ የማይሰማበት መውጣት።

ከሰዓቱ በላይ የሚያሳስበው የበረዶ ናዳ ነው። በረዶ በአንድ ጊዜ ወርዶ አንድ ወጥ ክምር አይሆንም፤ እንደ ተደራረበ እንጀራ እያንዳንዱ ማዕበል የራሱን ንብርብር ይጨምራል፣ በመካከላቸውም ፀሐይ፣ ነፋስና ብርድ እየገቡ አንዱን ያጠነክራሉ፣ ሌላውን እንደ ስኳር ያፈራርሱታል። ጠንካራው ንብርብር ደካማው ላይ ባረፈበት ቁልቁለት የአንድ ሰው ክብደት ሲጨመር ደካማው ይደረመስና ላዩ እንደ ሰሌዳ ተሰንጥቆ በአንድነት ይንሸራተታል። እንዲህ ያለው ናዳ በአብዛኛው የሚነሳው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ በሚያዘቀዝቅ ቁልቁለት ላይ መሆኑ ደግሞ ክፉ አጋጣሚ ነው፤ ከዚያ በታች በረዶው በቀላሉ አይንሸራተትም፣ ከዚያ በላይ ብዙ አይከማችም፣ ለስኪ ግን የሚጥመው ይኸው መካከለኛው ነው። ሰው ከሚሞትባቸው ናዳዎች አብዛኞቹን የሚቀሰቅሰው ራሱ ሟቹ ወይም አብሮት የነበረው ሰው በመሆኑ፣ ናዳን እንደ መብረቅ ከላይ እንደሚመጣ መዓት አድርጎ ማሰብ ስሕተት ነው።

ስለዚህ ወደ ተራራ የሚወጣ ሰው ሁሉ ሦስት ዕቃ ይይዛል፤ በ457 ኪሎኸርዝ ምልክት የሚልክና የሚቀበል መፈለጊያ መሣሪያ ልብሱ ውስጥ ይታጠቃል፣ በረዶውን እየወጉ የተቀበረን ሰው ለመፈለግ የሚያገለግል ተጣጣፊ ረጅም ዘንግና ጠንካራ አካፋ ደግሞ በቦርሳው ይይዛል። ሦስቱም ባለቤቱን በራሳቸው አያድኑትም፤ የተቀበረውን የሚያወጣው ጓደኛው ነው፣ እሱም በመጀመሪያዎቹ አሥርና አሥራ አምስት ደቂቃዎች ውስጥ ካላወጣው የመትረፍ ዕድሉ በፍጥነት ያሽቆለቁላል። ከከተማ የሚጠራ ሄሊኮፕተር በዚህ ጊዜ አይደርስም። አደጋው በሰሜን አሜሪካ ከ1 እስከ 5 ባለው መለኪያ የሚገለጽ ሲሆን፣ ብዙ ሞት የሚደርሰው በ3ኛው ደረጃ ላይ ነው፤ በ5ኛው ማንም አይወጣም፣ በ3ኛው ግን ብዙዎች «ይቻላል» ብለው ያስባሉ። ከካልቨር ሲቲ አምስት ሰዓት ያህል በመኪና ለሚያስኬደው ለማሞዝ አካባቢ፣ ኢስተርን ሴራ አቫላንች ሴንተር በየክረምቱ የናዳ ትንበያ ያወጣል።

ባልዲ ከናዳው ሌላ የራሱ ጠባይ አለው። ቀን በፀሐይ የሚሟሟው በረዶ ሌሊት እንደ መስተዋት ስለሚረጋ፣ በማለዳ የተንሸራተተ ሰው የሚያቆመው ነገር ሳያገኝ መቶ ሜትሮችን ሊወርድ ይችላል። ተራራ መውጣትን የሚያውቀው እንግሊዛዊ ተዋናይ ጁልያን ሳንድስ በጥር 2023 በዚህ ተራራ ላይ ብቻውን በእግር ሲጓዝ ጠፍቶ አስከሬኑ የተገኘው በሰኔ ነበር። ስለዚህ ጥርስ ያለው የጫማ ብረትና የበረዶ መጥረቢያ በባልዲ ጌጥ አይደሉም፤ በረዶው እስኪለሰልስ መጠበቅ ወይም ጨርሶ መመለስም ሽንፈት አይደለም።

አሁን ልጁን እዚህ ሥዕል ውስጥ ማስገባት ይገባል፣ ወይም ይልቁንም አለማስገባት። ኢትዮጵያውያን እናቶች ልጅን በአንቀልባ አዝለው ቁልቁለቱንም ዳገቱንም ሲወጡና ሲወርዱ ኖረዋልና፣ ልጅን በጀርባ አድርጎ በረዶ ላይ መሄድ የዚያው ቀጣይ ሊመስል ይችላል። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። አንቀልባ ልጁን ከእናቱ ጀርባ ጋር አጣብቆ ሙቀቷን ያካፍለዋል፤ በብረት የተወጠረው ዘመናዊ የመሸከሚያ ቦርሳ ግን ልጁን ከጀርባ አርቆ ለነፋስ ያቀርበዋል፣ እግሮቹንም አንጠልጥሎ የደም ዝውውራቸውን ይቀንሳል። ተሸካሚው እየደከመ ሲያልበው የማይንቀሳቀሰው ልጅ ይቀዘቅዛል፣ ወላጁም የገዛ ሙቀቱን ይዞ ልጁም እንደሞቀው ያምናል። በስኪ ላይ ደግሞ መውደቅ የተለመደ ስለሆነ ልጁ ከወላጁ ጋር፣ ብዙ ጊዜም ከወላጁ ራስ በላይ ካለ ከፍታ፣ ይወድቃል። በኖርዌይ ልጅን በጀልባ መሳይ ተጎታች ውስጥ ጠቅልለው የሚጎትቱ ወላጆች ብዙ ቢሆኑም፣ ይህ የሚደረገው በሜዳና በተበጀ መስመር ላይ እንጂ ናዳ በሚያሰጋው ቁልቁለት ላይ አይደለም። እንግዲህ የተራራ ስኪና ድክ ድክ የሚል ልጅ በአንድ ቅዳሜና እሑድ ውስጥ ሊኖሩ ይችላሉ፣ በአንድ ቁልቁለት ላይ ግን አይኖሩም።

የልጁ በረዶ ታች ነው፤ ጠፍጣፋ፣ ከመኪናው የማይርቅ፣ ከላዩ ገደል የሌለበት ቦታ። ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ ለበረዶ ያለው ትዕግሥት አጭር ነው፤ ይነካዋል፣ ይቀምሰዋል፣ ይወድቃል፣ ጓንቱን ይጥላል፣ ከዚያም ያለቅሳል። ትናንሽ ልጆች ከሰውነታቸው ክብደት አንጻር ለብርድ የሚጋለጠው ቆዳቸው ሰፊ ስለሆነ ከአዋቂ ቀድመው ይቀዘቅዛሉ፣ «በረደኝ» ብለው ማስረዳትም አይችሉም፤ ዝም ያለና መጫወት የተወ ልጅ ከሚያለቅሰው ይልቅ ሊያሳስብ ይገባል። አዲስ በረዶ እስከ 80 በመቶ የሚሆነውን አደገኛ የፀሐይ ጨረር መልሶ ስለሚያንጸባርቅ፣ ጨረሩም ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር በ10 በመቶ ገደማ ስለሚበረታ፣ የልጁ ዓይን መነጽር፣ ፊቱም የፀሐይ መከላከያ ቅባት ይሻሉ። ለአያቶች እንግዳ የሚሆነው ይህ ነው፤ ብርድ እንዳይመታው የተጠቀለለው ልጅ በዚያው ቀን በፀሐይ ይቃጠላል።

በልብስ ጉዳይ ግን የአያቶች ዕውቀት ከሱቁ ማስታወቂያ ብዙም አያንስም፣ አንድ እርማት ብቻ ያስፈልገዋል። ጋቢ የጥጥ ሥራ ነው፣ ጥጥ ደግሞ እርጥበት ጠጥቶ ሙቀት ይነጥቃል፤ በረዶ ላይ ከቆዳ ቀጥሎ የሚለበሰው ረጥቦም የሚያሞቀው የበግ ጠጉር ነው። ከበግ ጠጉር ባና የሚሠሩት የመንዝ ሰዎች ይህን ከማንም ሳይማሩ ያውቁታል። ሆኖም ጋቢ ከጉዞው አይቀርም፤ ቦታው መኪና ውስጥ ነው። የልጅ መቀመጫ ቀበቶ በወፍራም ጃኬት ላይ ከታሰረ በግጭት ጊዜ ጃኬቱ ተጨምቆ ቀበቶው ስለሚላላ፣ ልጁ በስስ ልብስ ታስሮ ከላይ በጋቢ መሸፈን አለበት። የካሊፎርኒያ ሕግም ከሁለት ዓመት በታች ያለ ልጅ፣ ክብደቱ 40 ፓውንድ ወይም ቁመቱ 40 ኢንች ካልደረሰ በቀር፣ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ እንዲቀመጥ ያዝዛል።

ስንቁም እንዲሁ ከቤት ይገኛል። በውኃ የሚበጠበጥ በሶ ለተራራ ወጪው ቀላልና የሚያጠግብ ነው፣ የተራራው ምርጥ ወራት ከዐቢይ ጾም ጋር ስለሚገጥሙም ጾመኛውን አያስጨንቀውም፤ ለማይጾመው ልጅ በቅቤ የታሸ ጭኮ ይመቸዋል። ቆሎ ግን የወላጅ ብቻ ነው። ጠንካራ ጥሬ ከአራት ዓመት በታች ያለን ልጅ ሊያንቀው ስለሚችል፣ በተለይ ማንም ወደ ኋላ ዞሮ በማያየው ጠመዝማዛ የተራራ መንገድ ላይ፣ ከልጁ እጅ መራቅ አለበት።

ረጅም ቅዳሜና እሑድ ሲገኝ ማሞዝ የሚሄዱ ቤተሰቦች የሚገጥማቸው ሌላ ነገር ከፍታው ነው። የማሞዝ ከተማ ወደ 2,400 ሜትር ላይ ያለች በመሆኗ ከአዲስ አበባ ከፍታ ብዙም አትለይም፤ ልጅ ለመጠበቅ ከአዲስ አበባ የመጡት አያት ምንም ሳይሰማቸው፣ በባሕር ዳርቻ ከተማ የተወለደው የልጅ ልጃቸው እንቅልፍ ሊያጣ፣ ምግብ ሊጠላና ሊያስመልሰው ይችላል። ከፍታ ያመጣው መሆኑ ሲጠረጠር መድኃኒቱ ዝቅ ወዳለ ቦታ መውረድ ነው፣ ለሆቴሉ የተከፈለው ገንዘብ ምንም ያህል ቢያንገበግብ።

ቀኑ የሚደራጀው እንግዲህ በልጁ ሰዓት ነው። በአንድና በሁለት ዓመት መካከል ያለ ልጅ በቀን ከ11 እስከ 14 ሰዓት መተኛት ስለሚያስፈልገው፣ የቀትር እንቅልፉ የማይነካ ቀጠሮ ይሆናል። ከወላጆቹ አንዱ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስቶ ከጓደኛው ጋር ቢወጣ፣ በረዶው ለስልሶ ገና ሳይበሰብስ ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ መውረድ ይችላል፤ የፀደይ ናዳም ፀሐይ ከጠነከረች በኋላ ስለሚበዛ የተራራው ሰዓትና የልጁ ሰዓት እዚህ ላይ ይገጥማሉ። የመመለሻው ሰዓት ከቤት ሳይወጣ ይቆረጣል፣ አናቱ ቢቀርብም ባይቀርብም በዚያው ሰዓት ይዞራል፤ ስልክ በማይሠራበት ሸለቆ የዘገየ ሰው ቤት ለቀረው ወላጅ የሚያወርሰው ጭንቀት ነው። ደግሞም ተራራ የወጣው ያገኘው ሰባት ሰዓት ሌላው ከልጁ ጋር ያሳለፈው ሰባት ሰዓት መሆኑ አይካድም፤ በሚቀጥለው ሳምንት ተራው የማይለወጥ ከሆነ ነገሩ ስፖርት መሆኑ ቀርቶ ሽሽት ይሆናል።

እሑድ ለተራራ አይሰጥም፤ ሕፃናት ለመቁረብ በማለዳ ወደ ቅዳሴ ይወሰዳሉና። ቅዳሜ ማታ፣ ልጁ በመኪና ውስጥ እንደተኛ ተሸክመውት ከገቡ በኋላ፣ የስኪው ቆዳዎች ሙጫቸው በሙቀት እንዳይበላሽ ከማሞቂያ ርቀው ይሰቀላሉ፤ የልጁ ጓንቶች ግን፣ አንዱ ከጠፋ በቀር፣ ማሞቂያው አጠገብ ይደርቃሉ።